አባጨጓሬን ለማየት የተሠራ የመረብ ጎጆ፦ ከአንድ የሎሚ ዛፍ ሥር የተጻፈ ግምገማ

እህቴ ባለፈው ነሐሴ ከሜሪላንድ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛቸው ከመጣቻቸው ዕቃዎች መካከል እንደ ሰፌድ ክብና ጠፍጣፋ ሆነው የታጠፉ ሁለት የመረብ ጎጆዎች ነበሩ። ማሰሪያቸው ሲፈታ በጠርዛቸው የተሰፋው ቀጭን የብረት ሽቦ በራሱ ይዘረጋና፣ አንደኛው ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ሣጥን፣ ሁለተኛው ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ረጅም ቤት ይሆናል። በአሜሪካ ሰዎች በጓሯቸው ያገኙትን አባጨጓሬ እየቀለቡ ቢራቢሮ እስኪሆን የሚጠብቁበት፣ ለልጆች መማሪያም ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ከእነርሱ ጋር ዐሥር ጊዜ የሚያጎላ፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ትንሽ አጉሊ መነጽር ጨምራልኛለች። ሦስቱንም ዕቃዎች ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢሾፍቱ በሚገኘው ግቢያችን ስለተጠቀምኩባቸው፣ እንዲህ ያለውን ጎጆ ከውጭ ለማስመጣት ወይም እዚሁ ለማሰፋት ለሚያስብ ሰው ያየሁትን ሳልቀንስ ሳልጨምር ለመጻፍ ወሰንኩ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጎጆው የሚሸጠው አባጨጓሬን ለማየት ተብሎ ነው፤ ነገር ግን የተካነበት ሥራ ማሳየት ሳይሆን መጠበቅ ነው። አባጨጓሬው ቅጠል እንዴት እንደሚበላ ማየት የሚፈልግ ሰው ከመረቡ ይልቅ በባልዲ የተተከለ አንድ የሎሚ ችግኝ፣ አንድ ዱካና የጠዋት ትዕግሥት ይበልጥ ይጠቅሙታል። ይህን የተረዳሁት ግን ጎጆውን ከተጠቀምኩበት በኋላ ስለሆነ፣ ዕቃው ምንም አላስተማረኝም ማለት አልችልም።

በግቢያችን አንድ ያረጀ የሎሚ ዛፍ፣ በባዶ የቀለም ባልዲ የተተከሉ ሦስት የሎሚ ችግኞችና በበሩ አጠገብ ለቡና የምንቀጥፈው ጤና አዳም አሉ። ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ በመሆኑ የሎሚ እንግዶች አልፎ አልፎ እርሱንም ይጎበኙታል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ሎሚው ቀላ ብሎ የሚጀምር አዲስ ለጋ ቅጠል በሚያወጣበት ጊዜ፣ ጥቁር ክንፏ በቢጫ ነጠብጣብ የተሞላ ትልቅ ቢራቢሮ እየተመላለሰች ትጎበኘዋለች። በሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ትባላለች፤ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው የምትገኝ ሲሆን፣ ክንፏ ሲዘረጋ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚሆን ከሩቅ የምታያት ሰው ትንሽ ወፍ ልትመስለው ትችላለች። ቅጠሉ ላይ ስታርፍ ክንፏን ማርገብገብ ሳታቆም በፊት እግሮቿ ደጋግማ ትደበድበዋለች። በእግሮቿ ጫፍ ጣዕም የሚለዩ ነገሮች ስላሏት እየቀመሰችው ነው። ልክ መሆኑን ስታረጋግጥ ሆዷን ጎንበስ አድርጋ ከለጋው ቅጠል ላይ አንዲት ብቻ፣ ከስፒል ራስ ብዙም የማትበልጥ ሐመር ቢጫ እንቁላል ትለጥፍና ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ትሄዳለች።

አባጨጓሬ የሚለው ስም በአነጋገራችን ጠጉራም ሆኖ የሚያሳክከውን ስለሚያስታውሰን፣ የሎሚውን ብዙ ሰው ትል እያለ ይጠራዋል። ጠጉር የለውም፤ ቢነኩትም አያሳክክም። የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ልጅ ያለበት ቤት ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ቢያውቅ ብዙ ጩኸት ይቀንሳል።

እንቁላሉ በስድስተኛው ቀን ገደማ ሲፈለፈል ትንሹ ትል በመጀመሪያ የሚበላው ቅጠሉን ሳይሆን የወጣበትን የእንቁላል ሽፋን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መልኩ ቡናማና ጥቁር ሆኖ ወገቡ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ስለሚኖረው፣ ቅጠል ላይ የወደቀ የወፍ ኩስ ይመስላል። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ወፍ የራሷን ኩስ ለመልቀም አትወርድምና ትሉ በጠራራ ፀሐይ ከቅጠሉ በላይ ተጋድሞ ይውላል። እናቴ እንኳን ጤና አዳም ልትቀጥፍ ሄዳ ሁለት ጊዜ በጣቷ ነክታዋለች። አራት ጊዜ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ግን በአንድ ሌሊት ሌላ ፍጡር ሆኖ ይገኛል፦ አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ቡናማና ነጣ ያለ መስመር የተሳለበት፣ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝምና ከደረቱ ላይ ዓይን የሚመስል ምልክት ያለው። ያ ዓይን የሚመስለው ምልክት ሥዕል ብቻ ነው። እውነተኞቹ ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ በየጎኑ ስድስት ስድስት ሆነው የተደረደሩ፣ ብርሃንና ጥላን ከመለየት ብዙም የማያልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው።

እነዚያን ነጥቦች ለማየት ስሞክር ነው የጎጆው ዋነኛ ጉድለት የተገለጠልኝ። ዐሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የሚታየው ነገር ከመስተዋቱ በሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ጎጆው ውስጥ ያለ አባጨጓሬ ደግሞ ከመረቡ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይርቃል። ስለዚህ ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ላይ ተገዝተው አንድ ላይ አይሠሩም፤ በመነጽሩ ልጠቀም ካልኩ ዚፑን ከፍቼ ክንዴንና ጭንቅላቴን ማስገባት ይኖርብኛል፤ ይህንንም ሳደርግ ቅርንጫፉ ይናወጥና አባጨጓሬው መብላቱን አቁሞ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ጎጆውን ብቻ የሚፈልግ ሰው በአንድ ስንዝር ያህል ርቀት የሚሠራ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ የሚያጎላ ሰፊ መነጽር ቢይዝ ይሻለዋል። ጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገኘው እጀታ ያለው ተራ መነጽር ለዚህ በቂ ነው።

ጎጆውን ትቼ በባልዲ ካለው ችግኝ አጠገብ ዱካ አምጥቼ በተቀመጥኩበት ጠዋት ያየሁትን ለብቻው መግለጽ ይገባኛል። አረንጓዴው አባጨጓሬ የቅጠሉን ጠርዝ በፊተኞቹ ስድስት እግሮቹ ከግራና ከቀኝ ይዞ፣ ጭንቅላቱን አንገቱ እስኪለጠጥ ወደ ላይ ይሰድና ከዚያ ጠርዙን እየከረከመ ወደ ደረቱ ይወርዳል፤ ታች ሲደርስ እንደገና ወደ ላይ ተመልሶ ሌላ ስስ ቁራጭ ይቆርጣል። መንጋጋው እንደ እኛ ከላይና ከታች ሳይሆን እንደ መቀስ ከግራና ከቀኝ የሚገጥም በመሆኑ ቅጠሉን በጠርዙ መያዙ የግድ ነው። እያንዳንዱ ዙር በቅጠሉ ላይ የጨረቃ ግማሽ የመሰለ ቅስት ይተዋል፤ ቅስቱ እየሰፋ ከመካከለኛው የቅጠል ሥር ሲደርስ ለጋ ከሆነ እርሱንም ይጨርሰዋል፣ የጠና ከሆነ እንደ ዓሣ አጥንት ቆሞ ይቀራል። የኋላዎቹ ዐሥር ወፋፍራም እግሮች በዚህ ሁሉ ጊዜ አይነቃነቁም። በመነጽሩ ሲታዩ ከሥራቸው የደቃቅ መንጠቆ ረድፍ አላቸው፤ መንጠቆዎቹም የተሰኩት በቅጠሉ ላይ ሳይሆን አባጨጓሬው ራሱ አስቀድሞ ከአፉ ሥር በሚያወጣው ሐር ባነጠፈው ስስ ምንጣፍ ላይ ነው። ለካ ከመብላቱ በፊት ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዘው መኝታውን ሲያነጥፍ ኖሯል። ሩብ ሰዓት ያህል በላና ምንጣፉ ላይ ተመልሶ ጋደም አለ። እኔም ቡናዬ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

ጎጆው ይህን ትዕይንት ሊያሳይ ያልቻለው በርቀቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ትንሹ ጎጆ በሦስት ጎን ነጭ መረብ፣ በአንድ ጎን ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አለው። ነጭ መረብ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራና ከውስጡ ያለውን ነገር ይጋርዳል፤ ትልቁ ጎጆ ፊት ለፊቱ ጥቁር መረብ በመሆኑ ግን ዓይን ሳይታክት ያሳልፋል። ልዩነቱ ሲነገር ቀላል ቢመስልም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው በመስኮትና በመጋረጃ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ላስቲኩ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ትኩስ ቅጠል ከገባ በኋላ ግን ሌሊት ከቅጠሉ የሚወጣው እርጥበት ጉም ሆኖ ይለጠፍበታል፤ ጠዋት በጨርቅ ሲወለወልም እየተቧጨረ ስለሚሄድ ከወር በኋላ ደብዝዟል።

ዚፑ ከሁሉም የከፋብኝ ነው። የወፍ ኩስ የሚመስለው ትንሹ አባጨጓሬ ጠርዝ ለጠርዝ መሄድ ስለሚወድ ከዚፑ ጥርስ ሥር ገብቶ ይተኛል። አንዱን ሳላይ ጨፍልቄዋለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዚፑን ከመሳቤ በፊት በጣቴ ዳር እስከ ዳር መዳሰስ ልማዴ ሆኗል። ሌላኛው ደግሞ አድጎ ወደ ቢራቢሮነት ለመለወጥ ሊያርፍ ሲፈልግ ቦታ መርጦ መርጦ በትልቁ ጎጆ በር ዚፕ ላይ ራሱን ስለሰቀለ፣ በሩን ለሦስት ሳምንት ያህል ከታች እስከ ግማሹ ብቻ እየከፈትኩ ኖሬያለሁ። አምራቹ በሩን በዚፕ ፋንታ በጨርቅ እጀታ ቢሠራው፣ ማለትም እጅ የሚያልፍበትና ሲወጣ በማሰሪያ የሚቋጠር ቢሆን፣ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ምግብ አቀራረቡንም በሚመለከት ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት የሚመክረው የተቆረጠ ቅርንጫፍ ውኃ ባለበት ዕቃ ማስቀመጥን ነው። ይህን ምክር ተከትዬ ባዶ ሃይላንድ በውኃ ሞልቼ የሎሚ ቀንበጥ አቆምኩበት፤ በማግሥቱ አንዱ አባጨጓሬ በግንዱ ወርዶ ውኃው ውስጥ ሰጥሞ አገኘሁት። አፉን በጥጥ መድፈን ችግሩን ያቃልለዋል። ነገር ግን ለጋ የሎሚ ቅጠል ከተቆረጠ በሦስተኛው ቀን እየጠወለገ ስለሚሄድ፣ አባጨጓሬውን ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ማዛወር የግድ ይሆናል፤ እርሱን ከሐር ምንጣፉ ላይ መንቀል ደግሞ እግሩን መጉዳት ነው። የሚሻለው ቅጠሉን ከነአባጨጓሬው ቆርጦ በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ማሳረፍ ሲሆን፣ ሲርበው ራሱ ይሻገራል። ከዚህም የሚበልጠው መላ ችግኙን ከነባልዲው ትልቁ ጎጆ ውስጥ ማቆም ነው። 60 ሳንቲ ሜትሩ ጎጆ ትንሽ ባልዲና አንድ ጉልበት የሚደርስ ችግኝ ከተት ያደርጋል፤ ቅጠሉ አይጠወልግም፣ ውኃ የለም፣ መዛወርም የለም። ትንሹ ጎጆ ይህን ስለማይችል እርሱን መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው እላለሁ። በነገራችን ላይ ሁለቱም ጎጆዎች ከሽቦውና ከመረቡ በስተቀር ክብደት ስለሌላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ ትንሹን ሁለት ጊዜ ገልብጦታል። በየማዕዘኑ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ትልቁን ባልዲው ራሱ ይይዘዋል።

ስለ ጉድለቱ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ችሎታው ዝም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በሜዳው ሎሚ ላይ በአንድ ሳምንት የቆጠርኳቸው እንቁላሎችና ትናንሽ ትሎች በየቀኑ እያነሱ ሄደው፣ እስከ አረንጓዴው ደረጃ ሲደርስ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው። ጉንዳን እንቁላሉን ይወስዳል፤ ተርብ ትሉን እየቆራረጠች ለጫጩቶቿ ትሸከማለች፤ ወፎችም አረንጓዴው ሲያድግ የወፍ ኩስ ማታለያው ስለሚያበቃ ያገኙታል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የማይታየው ጠላት ነው። ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ጥገኛ ተርብ አለች፤ አባጨጓሬው የመጨረሻ ቆዳውን ጥሎ ወደ ፑፓነት፣ ማለትም ሳይበላ በሽፋን ውስጥ ሆኖ ቢራቢሮ ወደሚሆንበት ደረጃ፣ ሲለወጥ ሽፋኑ ገና ሳይጠነክር እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። ከውጭ ሲታይ ፑፓው ደህና ይመስላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ከቢራቢሮ ፋንታ በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ ብዙ ደቃቅ ተርቦች ይወጣሉ። ከአጥር ሥር ከለቀምኳቸው ፑፓዎች አንዱ እንዲህ ሆኖብኛል። የመረቡ ቀዳዳ ትልልቆቹን ጠላቶች ሙሉ በሙሉ ይከለክላል፣ ትንሿንም ተርብ በእጅጉ ያዘገያታል፤ ይህ ግን የሚጠቅመው በእንቁላልነቱ ወይም ገና ትንሽ ሳለ ለገባው ብቻ ነው። ካደገ በኋላ የተለቀመው አንዳንዴ የጥገኛ ዝንብ ልጆችን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ፣ መረቡ ጠላቱን ከተጠቂው ጋር አብሮ ይዘጋበታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። ጎረቤታችን ጋሼ ጎጆውን እንዳዩ መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ይህማ አጎበር ነው፤ ምን ከአሜሪካ ያስመጣል?» የሚል ነበር። እኔም አሳማኝ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ያልተከፈተ አጎበር ቀድጄ በአራት የሸምበቆ ዘንግ ላይ ወጥሬ ሦስተኛ ጎጆ ሠራሁ። ሁለት አረንጓዴ አባጨጓሬዎች አስገባሁ። አንደኛው በመረቡ ግድግዳ ላይ ጥቂት ከወጣ በኋላ ወደቀ፤ ጀርባው እየተኮማተረ፣ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ አረንጓዴ ፈሳሽ አስመለሰ። ማታ ሁለቱም ሞተዋል። ምክንያቱን ያወቅሁት የአጎበሩን መጠቅለያ ሳነብ ነው፤ ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ለየቤቱ የሚታደለው አጎበር ትንኝን በመንካት ብቻ የሚገድል፣ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው የኬሚካል ወገን የሆነ መድኃኒት ከክሩ ጋር ተዋሕዶት የሚመጣና ለዓመታት የሚቆይ ነው። ለትንኝ የማይራራ ነገር ለአባጨጓሬም አይራራም። ጥፋቱ የአጎበሩ አይደለም፤ እርሱ የተሠራበትን ሥራ ሠርቷል። አጎበሩን ቀድዶ ለሌላ ማዋልም በራሱ ትክክል እንዳልነበር አምናለሁ። እዚሁ ጎጆ ማሰፋት የሚፈልግ ሰው መድኃኒት ያልነካው ስስ የመጋረጃ ጨርቅ፣ የሚቻል ከሆነ ጥቁር፣ ገዝቶ ለልብስ ሰፊ ቢሰጥ ከውጭ ከሚመጣው በእጅጉ ባነሰ ዋጋ፣ ያውም ያለ ዚፕ ማሠራት ይችላል። እኔ አሁን እንዲህ አሠርቻለሁ።

ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ለችግኝም ይሠራል። ምግብ እንዳያልቅብኝ ከመንገድ ዳር የገዛሁት ለምለም የሎሚ ችግኝ አንድም የተበላ ቅጠል አልነበረበትም፤ ይህንን የጤንነት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ከእርሱ የበሉት ሦስት ትናንሽ ትሎች በሁለት ቀን ውስጥ አለቁ። ሻጩን ተመልሼ ስጠይቀው ፀረ ተባይ በየሳምንቱ እንደሚረጭ ያለ ምንም ድብብቆሽ ነገረኝ፤ ለእርሱ የሚሸጥ ንጹሕ ቅጠል ነው እንጂ የትል ቀለብ አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሆን ችግኝ ከመርጨቱ በፊት የተለየ፣ ወይም ከፍሬ ተዘርቶ በቤት የበቀለ መሆን አለበት። የሎሚ ፍሬ እንደሆነ ከየማዕዱ የሚጣል ነው።

የወንድሜ ልጅ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ የወደደው አባጨጓሬው ሲቆጣ የሚያደርገውን ነው። በቀስታ በሣር ጫፍ ጀርባውን ሲነካው ከጭንቅላቱ ኋላ ከተሸሸገ ስንጥቅ ውስጥ ሹካ የመሰለ፣ ብርቱካናማ፣ እርጥብ የሚያብረቀርቅ ቀንድ በድንገት ይወጣና ኃይለኛ ሽታ ይለቅቃል። እኔ የበሰበሰ ብርቱካን ይሸተኛል፤ እርሱ ደግሞ፣ «አክስቴ፣ የወጥ ቤት ማጽጃ ነው የሚሸተው!» ብሎ ተከራክሮኛል። ጉንዳንን የሚያባርርበት መሣሪያው ነው። እናቴ ግን በዚህም አልተደነቀች። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሎሚውን ከትል ይጠብቃል እንጂ ትሉን ከሎሚ ጋር አስተኝቶ ይቀልባል?» ስትለኝ መልስ አላጣሁም፦ ትልቁ ዛፍ ጥቂት አባጨጓሬ መኖሩን እንኳ አያውቀውም፤ ባልዲ ውስጥ ያለው ችግኝ ግን በመጨረሻው ሳምንት፣ አረንጓዴው እስካሁን ከበላው ሁሉ የሚበልጠውን በሚበላበት ጊዜ፣ ተራቁቶ ሊቀር ይችላል። ለአንድ ጉልበት የሚደርስ ችግኝ ሁለት አባጨጓሬ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እናቴ ትክክል ናት።

ጎጆው ዋጋውን የሚመልሰው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አባጨጓሬው መብላቱን ሲያቆም፣ ከወትሮው ደረቅ ኩስ ፋንታ ውኃማ ነገር ያወጣና ሆዱን ባዶ አድርጎ መንከራተት ይጀምራል። በሜዳ ቢሆን በዚህ ሰዓት ነው ከዓይናችን የሚጠፋው፤ ከዛፉ ወርዶ አጥር ሥር ወይም የጎረቤት ግድግዳ ላይ ይሄዳል። በጎጆው ውስጥ ግን ቢዞር ቢዞር ከሁለት ክንድ አይርቅም። ቦታ ሲመርጥ የጅራቱን ጫፍ በሐር ይለጥፍና፣ ወገቡ ላይ ደግሞ አንድ የሐር መታጠቂያ አዙሮ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ይንጠለጠላል። በሁለተኛው ቀን ቆዳው ከጀርባው ተሰንጥቆ ወደ ታች ይገፈፋል። ከችግኙ አረንጓዴ ግንድ ላይ የተሰቀለው ፑፓ አረንጓዴ፣ ከሸምበቆው ዘንግ ላይ የተሰቀለው ቡናማ ሆኖ ማየቴ ከጎጆው ያገኘሁት ትልቁ ደስታ ነው፤ ከአንድ እናት የመጡ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት አባጨጓሬዎች የተሰቀሉበትን ቦታ መስለው ተለወጡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሽፋኑ ጠቁሮ የክንፉ ቢጫ ነጠብጣብ ከውጭ መታየት ከጀመረ በማግሥቱ፣ ጠዋት ላይ ቢራቢሮዋ ትወጣለች። ስትወጣ ክንፏ እንደ ተጨማደደ እርጥብ ወረቀት ስለሆነ ወደ ላይ ወጥታ መንጠልጠል፣ ከሆዷም ወደ ክንፏ ሥር ፈሳሽ እየገፋች እስኪዘረጋ መጠበቅ አለባት። የመረቡ ሸካራነት ለመቆንጠጥ ተስማሚ በመሆኑ በዚህ ረገድ ጎጆው እንከን የለውም። ትንሹ ጎጆ ግን ይህን ያህል ሰፊ ክንፍ ላላት ቢራቢሮ አይሆንም፤ በውስጡ የወጣችው አንዲቱ ክንፏ ከደረቀ በኋላ ለመብረር ስትታገል ጫፉን ቀድዳዋለች። በዚያው ቀን መልቀቅ ያስፈልጋል። የምትተወው ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ወለሉን ያቆሽሻል፤ በሳሙናም አይለቅም። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ማንጠፍ ይበቃል፤ ለኩሱም ይረዳል። ስለ ኩሱ ካነሣሁ አይቀር፣ ሌሊት ጎጆው መኝታ ቤት በነበረበት ጊዜ ጋዜጣው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ ካፊያ የጀመረ መስሎኝ ያጠብኩትን ልብስ ላነሣ ወጥቼ አውቃለሁ።

ከሎሚው ውጭ ጎጆውን በሌሎች ተክሎች ሞክሬዋለሁ። ለጎመን ነጭ ቢራቢሮ አባጨጓሬዎች ምንም አያስፈልግም፤ ጎመን ሞልቷል፣ እነርሱም ከጎመኑ ብዙ አይርቁም፤ አይጠፉም። ወደ ቆላው፣ በመተሐራ በኩል ባለው መንገድ ዳር በብዛት በሚበቅለው ጦቢያ ላይ ግን ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለበት፣ ሦስት ጥንድ ጥቁር ቀንድ መሰል ነገር የሚያወጣ እጅግ ያማረ አባጨጓሬ ይገኛል፤ ብርቱካናማ ክንፍ ያላት ዳናውስ ክሪሲፐስ የምትባለው ቢራቢሮ ልጅ ነው። ከተክሉ የሚያገኘውን መርዝ በአካሉ ስለሚያከማች እንደ ሎሚው መሸሸግ አያስፈልገውም፤ በአደባባይ ይታያል። ወደ ጎጆ ማምጣቱ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ጦቢያ ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ከገባ ክፉኛ ስለሚጎዳ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ቅርንጫፉም ቶሎ ይጠወልጋል። እዚያው በቦታው ቆሞ ማየት ይበልጣል።

ስለዚህ ለእህቴ የላክሁላት መልእክት አጭር ነው። ትንሹን ለማንም እንዳታመጣ፣ ትልቁን ካመጣች ሁሉም ጎን ጥቁር መረብ የሆነውን እንድትፈልግ፣ ላስቲክ ያለበትን ግን እንዳትነካ ነገርኳት። ዐሥር ጊዜ የሚያጎላውን መነጽር ግን ሌላ አንድ እንድትጨምር ጠይቄያታለሁ፤ የመጀመሪያውን የወንድሜ ልጅ ይዞት ሄዷል። ትልቁ ጎጆ አሁን በረንዳው ላይ ነው፤ በውስጡ አንድ ባልዲ፣ ግማሽ ቅጠሉ የተበላ አንድ ችግኝና ዚፑን ትቶ በትክክለኛው ቦታ የተሰቀለ አንድ አረንጓዴ ፑፓ አለ።